ከአደጋ የተረፈች ግራጫ ቶዮታ

ስካርቦሮ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልፍነሽ እህቴ፣

ሰላምታዬን የማሳጥረው ንቄሽ ሳይሆን እግሬ አብጦ ነው። ጤናሽን እንደጠየቅሁሽ ቁጠሪልኝ፤ የእኔንም እንደነገርኩሽ።

«እስካሁን አንዲት መኪና አጣህ?» ላልሽኝ፣ ማጣትስ አላጣሁም። ሰባት ቅዳሜ ሙሉ ሳገኝ ከረምኩ። በዚህ ከተማ ያገለገለ መኪና የሚሸጥባቸው ቦታዎች በሙሉ መኪና ያለው ሰው ብቻ የሚደርስባቸው ናቸው። እኔ በሁለት አውቶቡስና በአንድ ረጅም የእግር መንገድ እደርሳለሁ። ሻጩ አጥሩን ተደግፎ ስመጣ ያየኛል፤ ከሩቅ ስለሚያየኝም እስክደርስ ዋጋውን ያስተካክላል። የሁሉም መኪና የአንዲት አሮጊት ነበር። አሮጊቷም የነዳችው ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ብቻ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ይህን ያህል ሳሚ አሮጊት ካለ፣ እሑድ እሑድ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ መኪና ማቆሚያ ለምን እንደሚጠፋ አሁን ገባኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን አንዲት ግራጫ ቶዮታ አየሁ። ንጹሕ ናት፤ ሞተሯ አይጮህም፤ ዋጋዋ የሌሎቹ ግማሽ ነው። ሊብሬዋንና የታሪክ ወረቀቷን እንደ ልማዴ ወደ አማርኛ መልሼ፣ ማኅተሜን አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ከአደጋ የተረፈች፤ በኋላ ታድሳ ለመንገድ የተፈቀደች» የሚል ታገኛለሽ። ዋጋዋን ያወረደው እሱ ነው።

እዚያው ሰድበሪ አብራሽ የምትሠራው ነርስ ባል ሊሸጥልሽ ያለው መኪናም አለ። አሮጌ ነው፤ ግን ምንም ደርሶበት አያውቅም ብለሽኛል። ምርጫው ያንቺ ነው። የምትሠሪበት ድርጅት እስከ ኅዳር መኪና ካልያዝሽ በየቤታቸው የምታስታምሚያቸውን ሰዎች ለሌላ እንደሚሰጥብሽ አልዘነጋሁም፤ ስለዚህ ቶሎ ጻፊልኝ። ስልክ ግን አትደውዪ። በስልክ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔ እዘጋለሁ። አራት ዓመት በወረቀት ተከባብረን ኖረናል፤ ለመኪና ብለን አናፍርሰው።

ወንድምሽ ሰብስቤ


ሰድበሪ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብስቤ ወንድሜ፣

እግርህን ለብ ባለ ውሃና ጨው ንከረው። ይህን የምልህ እንደ እህት አይደለም፤ እንደ ባለሙያ ነው። ቀኑን ሙሉ የምሠራው የሰው እግር መንከር ነው።

ግራጫዋን ግዛልኝ። የነርሷን ባል «አመሰግናለሁ፣ ትቼዋለሁ» አልኩት። ቅር ብሎታል፤ ሚስቱም ሁለት ቀን ሙሉ ሰላም ስላት ኮምፒውተሯን ታያለች። ምነው ትለኝ ይሆናል። እኔን የገረመኝ ያንተ ዝምታ ነው። «የተረፈች» ብለህ ጽፈህ፣ ከሥሩ «ሰብስቤ ተረፈ» ብለህ ፈርመህ፣ ምንም አልታየህም? አያታችን ሦስት ልጅ ቀብራ አራተኛውን ተረፈ ያለችው ለምን ነበር? ያ ልጅ ሰማንያ ስምንት ዓመት ኖረ። አባባን ፈረስ ሲጥለው አይተሃል፤ ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ ፈረሱን በአያት በቅድመ አያቱ ሰደበው።

የነርሷ ባል መኪና ምንም ደርሶበት አያውቅም፤ እንግዲህ የሚደርስበት ገና ነው ማለት ነው። ይህቺ ግን የሚደርስባት ደርሶባት አልፋለች። ትርፌ ብያታለሁ። እንዳትስቅ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ለፍርድ ቤት ስተረጉም አንድ ቃል አልሳትኩም ብለህ ትኮራለህ፤ እኔም እኮራብሃለሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ አሥር ዓመት፣ ያንተ ማኅተም ያልነካውን ወረቀት ፈርሜ አላውቅም። ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ቀረኝ፤ ሦስቱን ዓመት ብታደርሰኝ ይበቃኛል።

ያ ጋራዥ ያለው ወዳጅህ፣ ሪድዋን፣ አይቷታል?

እህትህ ኤልፍነሽ


ስካርቦሮ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

በጨው ነከርኩት፤ ተሽሎኛል። ባለሙያዋን አመስግኚልኝ።

ሪድዋን አላያትም። ልጁን ለመዳር ካልጋሪ ሄዷል፤ ጋራዡ ተዘግቷል። ሻጩ ደግሞ ሌላ ገዢ ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገረኝ። ይህ ሌላ ገዢ እንደዚያችኛዋ አሮጊት የትም ቦታ ይኖራል፤ ባውቅም ገዛኋት። መኪና የሚያደርስ ሰው ረቡዕ ይዞልሽ ይመጣል። ቁልፉ ሁለት ነው።

የበረዶ ጎማ አስገቢ። ቀበቶሽን እሰሪ። አብሮሽ የሚሳፈርም ሰው ይሰር። መንገዱ ሲያንሸራትት ቤትሽ ዋዪ። ይህን ሁሉ ምክር ምን አመጣው አትበዪኝ፤ ዕድሜ ነው።

ስለ ስሙ ግን፣ ተዪው። መኪና ናት። ቃል ደግሞ እንደ አገባቡ ነው፤ ከሚገባው በላይ አታሸክሚው። በዚህ ላይ የምጽፍልሽ ነበረኝ፤ ረዘም ስለሚል ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ሰብስቤ


ሰድበሪ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብስቤ፣

«ረዘም ስለሚል ይቆይ» ያልከው ምንድነው? ታመህ ከሆነ ንገረኝ። አባባም በሽታውን «ረዥም ወሬ ነው» እያለ ነው የደበቀን።

እኔ ደኅና ነኝ። እውነቴን ነው የምልህ፣ አሥር ዓመት እንዲህ ደኅና ሆኜ አላውቅም። ቀድሞ በቀን አራት ቤት ለመድረስ ስድስት አውቶቡስ እጠብቅ ነበር፤ አሁን አምስት ቤት ደርሼ እራቴን እቤቴ እበላለሁ። ማሞቂያዋ ቶሎ ይሞቃል። መሪዋ ቀላል ነው። ደግሞ አትቆጣም! የነርሷ መኪና ቁልፉ ሲዞር ዳሽቦርዱ እንደ ገና ዛፍ ነው የሚበራው፣ ቀይ በለው፣ ቢጫ በለው። የእኔዋ ጭጭ ናት። አንድ ነገር በርቶባት አያውቅም።

ሚስስ ላይኔ የምትባል የፊንላንድ ሴትዮ አለችኝ፣ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪም ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ከፊት ከአጠገቤ ትቀመጣለች፤ ብዙ አታወራም። እሷም በእንግሊዝኛ የምታወራው እኔን ያህል ነው፤ ስለዚህ አንበላለጥም። መኪናዋን ስታወድስ የፊቷን ሰሌዳ በእጇ መታ መታ ታደርገዋለች፣ እንደ በግ።

አሁን ዋናው ወሬ። ለኅዳር ጽዮን እመጣለሁ! በራሴ መኪና። ሚስስ ላይኔም እህቷ እዚያ ቶሮንቶ ስለሆነች አብራኝ ትመጣለች። ኅዳር 20 ጠዋት እንነሣለን። በስልሳ ዘጠኝ ቁጥር መንገድ ቀስ ብለን ብንነዳ ለምሳ ከደጅህ እንቆማለን። ቤትህን አጽዳ።

ኤልፍነሽ


ስካርቦሮ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልፍነሽ፣

ሰላምታው መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚያ ድረስ ካነበብሽልኝ። ይህን ወረቀት ከከፈትሽበት ደቂቃ ጀምሮ መኪናዋን አትንጂ። ሚስስ ላይኔን አታሳፍሪ። ለጽዮንም እንዳትነሺ።

ሪድዋን ተመልሷል። ደብዳቤሽን ይዤ ጋራዡ ሄድኩና ይስቃል ብዬ የገና ዛፉን አነበብኩለት። አልሳቀም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«ቁልፉ ሲዞር የኤርባጉ ምልክት ለአፍታ በርቶ አይጠፋም?» አለኝ።

«ምንም አይበራም ነው የምትለው። በዚያም ትመካለች።»

«ጋሽ ሰብስቤ፣ ጤነኛ መኪና ሲነሣ ይበራል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ነቅለውታል። አምፖል የሚነቅል ሰው ደግሞ ግጭቱ ላይ በፈነዳው የአየር ከረጢት ምትክ አዲስ ኤርባግ አይገዛም።»

«አምፖሉ ተቃጥሎም ሊሆን ይችላል እኮ።»

«እሱን እያሉ እህትዎን ይቅበሩ።»

«ለመንገድ የተፈቀደች ናት፤ ወረቀት አላት።»

«ወረቀቱን የፈረመው ሰው መሪውን ፈትቶ አላየም። ሳልቬጅ መሆኗን ሳያውቁ ነው እንዴ የገዟት?»

ይህን ጥያቄውን ላንቺ ልመልስልሽ፤ ረዥሙ ነገር ይኸው ነው።

አውቅ ነበር። ሳልቬጅ ማለት ኢንሹራንሱ «ይህን ከምጠግን ብጥለው ይሻለኛል» ብሎ የጣለው መኪና ነው። ሌላው ሰው ከወደቀበት አንሥቶ፣ ከሌላ የወደቀ መኪና ጋር በይዶ፣ ቀብቶ ይሸጠዋል። ፍርድ ቤት ቢሆን «ለጥገና የማትበቃ ተብላ የተጣለች» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ዳኛውም ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። ላንቺ ግን «የተረፈች» አልኩ። ተረፈ ምቹ ግስ ነው። ከሞት ያመለጠውም ተረፈ ይባላል፤ ትሪ ላይ የቀረውም ምግብ ተረፈ ይባላል። እኔ የትሪውን አስቤ ጻፍኩ። አንቺ የሞቱን አነበብሽ። እንደዚያ እንደምታነቢው ደግሞ አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ ሙያዬ እኮ ሌላው ሰው ምን እንደሚሰማ ማወቅ ነው።

ለምን ትዪኝ ይሆናል። ሰባተኛው ቅዳሜ ነበር፤ ይዘንባል፤ አውቶቡሱ ሃምሳ ደቂቃ ዘግይቷል። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ከፊቴ ዘርግቼ አሰብኩ። ትክክለኛውን ቃል ብጽፍ አትገዢያትም። ካልገዛሻት ስምንተኛ ቅዳሜ አለ። በቃ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ፣ ሰው ፊት የሚያቀርቡት ምክንያት ስፈልግ አመሸሁ፤ የለም። ደክሞኝ ነበር።

የአባባን ስም እንደምታነሺ ግን አላሰብኩም። ያን ደብዳቤሽን ሳነብ ልነግርሽ ቁጭ ብዬ «ስሙን ተዪው» ብዬ ተነሣሁ። ኤርባጉን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ቢሆንም የማውቀው ብቻ ይበቃ ነበር።

ጤናሽን እጠይቃለሁ። በእውነት እጠይቃለሁ።

ሰብስቤ


ስካርቦሮ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. (በእጅ የተላከ)

ለውድ እህቴ፣

ይህን ያመጣልሽ አቤ የሚባል ከባድ መኪና ነጂ ነው። ወደዚያ እንደሚመላለስ ዛሬ ጠዋት ዳንፎርዝ ሠፈር ማኪያቶ ሲጠጣ ነው ያወቅሁት። ከሁለት ሳምንት በፊት ባውቀው ኖሮ ትናንት ስልኬን ባልሰማሽ ነበር።

አሥራ አንድ ደቂቃ ተነጋገርን። አልጮህሽም፤ እኔም አልዘጋሁም። ያስደነገጠኝ ይህ ነው። «መኪናዋን እዚያው አቁሜ እቤቴ ገባሁ» ስትዪኝ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩና እስኪነጋ አልተነሣሁም።

አስቀድሞ ለምን እንዳልደወልኩ ጠይቀሽኝ ነበር፤ በቅጡ አልመለስኩም። ኅዳር 5 ደብዳቤ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። በማግሥቱ የፖስታ ሠራተኞቹ አድማ መቱ። ዛሬ ይገባሉ፣ ነገ ይገባሉ እያልኩ የመነሻሽ ቀን ደረሰ። ሠራተኞቹን አልወቅስም፤ እነሱም ደክሟቸው ይሆናል።

በስልክ እንዳልኩሽ ነው፤ ቃሉ እኔንም አሳሳተኝ። የመኪና እንግሊዝኛ ከፍርድ ቤት እንግሊዝኛ ይለያል፤ ከሪድዋን ባልሰማ ኖሮ ዛሬም አልነቃም ነበር። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ያ የኅዳር 5 ደብዳቤ አንድ ቀን ይደርስሽ ይሆናል። አዲስ ነገር የለውም፤ በስልክ የሰማሽው ነው። በችኮላ ስለጻፍኩት ቋንቋውም አያምርም። ሳትከፍቺ ቅደጂው።

ሰብስቤ


ሰድበሪ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብስቤ ወንድሜ፣

አቤ መልካም ልጅ ነው። ሻይ አጠጥቼ ሲመለስ ይህን አስያዝኩት።

እዚህ ያለ መካኒክ መጥቶ መሪውን ፈታው። ከክዳኑ ሥር ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? የልጅ ሹራብ። አራት ማዕዘን አርገው አጥፈው፣ እንዳይንሿሿ በጎን በጎኑ ሙጫ አድርገውበታል። መካኒኩ ሳቀ፤ ከዚያ በሚስስ ላይኔ በኩል ያለውን ፈታና ሳቁን ተወው። እዚያስ ሹራብም የለም። ባዶ ነው። ያንን ነበር መታ መታ የምታደርገው።

ድርጅቱ ሩቅ ሩቆቹን ቤቶች ወስዶብኛል። በአውቶቡስ የሚደረስባቸው ሦስት ቀርተውኛል። እስከ ጥር መጨረሻ መኪና ከያዝኩ ይመልሱልኛል፤ ካልያዝኩ የሌሊት ተረኛ ሆኜ አረጋውያን ቤት ነው የምገባው፣ በስልሳ ሁለት ዓመቴ። ሚስስ ላይኔን የወሰዳት አንድ ወጣት ነው፤ እግሯን ቆሞ ነው የሚያጥባት ትላለች፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ።

አንተ ግን አትዘን። ሰው ነህ፤ ቃል ያሳስታል። ስልክ ላይ ድምፅህ ሲንቀጠቀጥ አንጀቴን በላኸው። ለሚስስ ላይኔ «ወንድሜ ተሳስቶ ነው፣ ቃሉ አስቸጋሪ ነው» አልኳት፤ እሷም «በእኛም ቋንቋ እንዲህ ያለ አለ» ብላ ላንተ ሰላምታ ልካለች። ጸሎት ላይ አንስቼሃለሁ።

እህትህ ኤልፍነሽ


ስካርቦሮ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. (በአቤ እጅ)

ለእህቴ፣

ሰላምታዋ ለሚስስ ላይኔ ይመለስላት። እዚህ በረዶ ገባ። እግሬ ደኅና ነው።

አድማው ሊያልቅ ነው ይላሉ። ያ ደብዳቤ አልደረሰም አይደል?

ሰብስቤ


ሰድበሪ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብስቤ፣

ደረሰ። ቅደጂው ስላልከኝ ከፈትኩት።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ቆሜ፣ ሁለተኛ መነጽሬን አድርጌ። ሦስተኛውን ጊዜ ሚስስ ላይኔን ልጠይቃት ሄጄ፣ ምን ሆነሻል ስትለኝ በዚያች እንግሊዝኛዬ እየመለስኩ አነበብኩላት። «ተሳስቶ ነው» ብዬ የማልኩላት ሴት ናት። «አውቅ ነበር» ያልክበት ቦታ ስደርስ መዝለል እንዴት እንደሚያምር ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ መስመር ብዘል ማን ያውቅብኛል? ወንድሜም አይዋረድ፣ እኔም አላፍር። አልዘለልኩም። ሁሉንም ነገርኳት። ጨርሳ ስትሰማኝ መዳፌን ያዘች።

አልተቀየምኩህም ብዬ አልዋሽህም፤ ተቀይሜሃለሁ። የደብዳቤውን ግን ልረሳው እችል ይሆናል፤ ሰው ዝናብ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆሞ ምን እንደሚያስብ እኔም አውቃለሁ፣ አሥር ዓመት ቆሜያለሁ። የማልረሳው ስልኩን ነው። ወረቀቱ ላይ እውነቱን ጽፈህ ልከህ ነበር። ድምፄን ስትሰማ መልሰህ ወሰድከው። ከዚያ እኔ አጽናናሁህ፤ አንተም ዝም ብለህ ተጽናናህ። በበረዶ እየሄድኩ «ሰብስቤ እንዴት ይሆን፣ ከራሱ ጋር ተጣልቶ ይሆን» እያልኩ ሳስብልህ፣ አንተ የምትጠይቀኝ ፖስታ ደረሰ ወይ ነበር።

መኪናዋ ሄዳለች። ለመለዋወጫ የሚገዛ አንድ ገበሬ ወሰዳት። ሊነዳት እንዳይሞክር ሹራቡን ጭምር አሳየሁት። «ሳልቬጅ ናት» አልኩት። «ገብቶኛል፣ እኔ ሞተሯን ነው የምፈልገው» አለኝ። ሁለታችን ተግባባን፤ ማኅተም አላስፈለገንም።

አሁን የምጽፍልህን ልብ ብለህ አንብብ። እስከ ጥር መጨረሻ ጊዜ አለኝ፤ ሌሊት ተረኛ መሆን አልፈልግም። የነርሷ ባል መኪና ተሸጧል። ስለዚህ ጥር 2 ቀን ዓርብ ማታ በአውቶቡስ ቶሮንቶ እገባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንወጣለን፣ ካልሆነም የሚቀጥለውን ቅዳሜ። ሪድዋንንም ይዘነው እንሂድ፤ እሱ ከሥር ይተኛል፣ አንተ ወረቀቱን እዚያው ሻጩ ፊት ቆመህ ታነብልኛለህ። ጽፈህ አይደለም፣ አንብበህ። የቃሉን ክፉ ክፉውን አስቀድመህ ንገረኝ፤ ደግ ደግ ካለው ለእኔ ተወው።

ሲደክምህ ደግሞ ደከመኝ በለኝ። አጥሩ ሥር የምንቀመጥበት አናጣም። ትንሽ አርፈን ቀጣዩን እናያለን፤ ካልቻልን ቤታችን እንገባለን፣ መኪናም ሳንገዛ።

ወፍራም ካልሲ አድርግ።

እህትህ ኤልፍነሽ